የጠዋት ልማድ፦ 2፡30 ሥራ ለሚገባ ሰው፣ ከማታ ጀምሮ ሲቆጠር

ንጋት_ሸገር (ክሩን የከፈተ)
ስለ ጠዋት ልማድ የሚነገረው አብዛኛው «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ፣ በባዶ ሆድህ አንድ ሊትር ውኃ ጠጣ» ነው። ሳምንት የሚዘልቅበት ሞልቷል፤ ወር የሚደፍን ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚያቋርጠው ሰንፎ ሳይሆን ሰዓቱ ስለማይገጥምለት ነው። እስቲ አዲስ አበባ የሚኖር፣ 2፡30 ቢሮ የሚገባ፣ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተሰልፎ የሚሄድ ሰው ይዘን ወደ ኋላ እንቁጠር።

መንገዱ ከነሰልፉ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብንል ከቤት የሚወጣው 1፡20 ላይ ነው። ለመታጠብና ለመልበስ 25 ደቂቃ፣ ለእንቅስቃሴ 25፣ ለቁርስ 20፣ ለተረፈ ነገር 10 ስጡት፤ መነሻው 12 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ መውሰድ፣ 4፡40 ላይ አልጋ ውስጥ መግባት፣ እራት ደግሞ ከ2 ሰዓት ባያልፍ ነው። ጠዋቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። 3፡30 ላይ እራት በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው ሌሊት ቃር ያስቸግረዋል፣ ጠዋት ቁርስ አያሰኘውም፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ያገኘውን ብስኩት ይበላል።

ቡናም በዚሁ ሒሳብ ይገባል። አዋቂ ሰውነት ውስጥ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና 3 ሰዓት ማታ ላይ ገና ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ደም ውስጥ አለ። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ።

አሁን 1፡30 የሚነሣ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ 12 አይዝለል። በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ይቀንስ፤ በሁለት ሳምንት ግድም ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ሰኞ ጠዋት ሁሉም እንደገና ይጀመራል።

ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያው ነገር ብርሃን ነው። እዚህ አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትወጣ የታደልን ነን። የቤት አምፖል ብዙ ጊዜ 100 እስከ 300 ሉክስ ነው፤ ውጭ ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ ሺዎች ይደርሳል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውጭ መቆየት፣ ክረምት ላይ እስከ 30። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ስለሚደክም በረንዳም ቢሆን መውጣት ይሻላል። ፀሐይዋን ትኩር ብሎ ማየት ግን የለም።

ማንቂያውን ከአልጋ ርቆ አስቀምጡት። በየ9 ደቂቃው እያስተኙት መቀጠል የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው፣ ድንዛዜውን ያራዝመዋል። የመንቃት ድንዛዜ በ15 እስከ 30 ደቂቃ ይለቃል፣ አንዳንዴ እስከ ሰዓት ይቆያል። በዚያ ሰዓት «ምን ልልበስ፣ ምን ልብላ» ብሎ መወሰን ስለሚከብድ ልብሱ፣ ጫማው፣ የቁርሱ ዕቃ ማታ ይውጣ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ጄሪካኑን ማታ ሙሉ፤ መብራት ቢጠፋስ ብላችሁ የፈላ ውኃ ፔርሙስ ውስጥ አስቀምጡ።

ጓዳ_እና_ጤና
ወንድም ንጋት፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ቁርሱን ግን በ20 ደቂቃ ብቻ አለፍከው። ልጨምር።

የተለመደው ዳቦ በሻይ ችግሩ ዳቦው አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በሦስት ማንኪያ የጣፈጠ ሻይ ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሰው 24 ግራም ወስዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተሻለ ነው የሚለው የቀን ጣሪያ 25 ግራም ግድም ነው። ቀኑ ሳይጀመር አለቀ። ፕሮቲን ደግሞ የለበትም ማለት ይቻላል፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚርበው ለዚህ ነው።

ከቁርስ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት መሞከር ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ይይዛል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 7 ግራም። አንድ ብርጭቆ (የቡና ሲኒ አይደለም፣ 170 ግራም ግድም) የበሰለ ባቄላ 13 ግራም አካባቢ፤ ስለዚህ ፉል ከነዳቦው ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ፉል ጠዋት አይደርስም የምትሉ፣ ደረቁን ባቄላ ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፉ፣ እሑድ ቀቅሉ፣ በክዳን ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጠዋት ማሞቅ፣ መጨፍለቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም መክተፍ ብቻ ይቀራል። ባቄላ ሲበሉ ሽንታቸው የሚጠቁር፣ ዓይናቸው ቢጫ የሚሆን ሰዎች አሉ፤ እነሱ ጨርሶ ይተዉት፣ ሐኪምም ይዩ።

ቂንጬ፦ አንድ እጅ ለሁለት እጅ ውኃ። ማታ ታጥቦ ከተዘፈዘፈ ጠዋት በ15 ደቂቃ ይበስላል፣ ውኃውም ትንሽ ይቀነስለታል። ቅቤ ወይም ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ በዓይን ሳይሆን በማንኪያ ለኩ። ጨጨብሳ ደስ ይላል፤ ግን ከዘይቱ ከማሩ ጋር ለሚቀመጥ ቢሮ ሠራተኛ የእሑድ ምግብ ነው።

አሁን ወደ ቡና። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ይይዘዋል፣ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሻይ ከቡናም ይብሳል። የሚገርመው ሰዓቱ ነው፦ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ብረቱን አይነካውም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ «በልቼ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠጣው» ማለት አያድንም። ወይ ቀደም ብሎ፣ ወይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፣ ማለትም ረፋድ ላይ ቢሮ። ደም ማነስ የሌለበት ወንድ ብዙም አይጨነቅ፤ ወር አበባ የሚበዛባት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ግን ቡናውን ከማዕዱ ትለየው። ነፍሰ ጡር ለብቻው የካፌይን ገደብ አላት፤ በቀን 200 ሚሊግራም የሚለው የተለመደ ነው። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ሎሚ ከምግቡ ጋር ሲበሉ ተቃራኒውን ይሠራሉ፣ ብረቱን ያስወስዳሉ። ፉል ላይ ቃሪያ የሚከተፍበት ልማድ እንግዲህ ከማጣፈጫም ያልፋል።

ቶና_ሳይጠጣ
ቡና ረፋድ ላይ ይጠጣ የሚለው የጀበና ቤት ሕግ አይደለም 😄 ያለ አቦል ዓይን አይገለጥም። በባዶ ሆድ ቢጠጣ ምን ይሆናል?

ጓዳ_እና_ጤና
ጨጓራ የሌለበት ሰው በባዶ ሆድ ቢጠጣው ምንም ላይሆን ይችላል። ቃር፣ ማቃጠል ወይም ልብ ምት መፍጠን ካለ ግን አንድ ቁራሽ ነገር ይቅደም። ጨጓራው ሳምንታት ከዘለቀ ነገሩ ቡናው ላይሆን ይችላል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) እንዳለ በምርመራ ማየት ነው፤ የሚታከም ነገር በወተትና በተልባ ሲታለፍ ይኖራል። ስለ ተልባ ካነሣሁ፦ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈጭቶ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፤ ክኒን ከሚዋጥበት ሰዓት ራቅ አድርጎ።

ሶምሶማ
እንቅስቃሴ ላይ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። የንጋት 25 ደቂቃ በስድስት ቀን ልክ 150 ይሆናል። መካከለኛ ማለት ዱብ ዱብ እያሉ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ 3,000 ያልፋል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሳምንት በእግር ብቻ ይሂድ፤ እዚያ የሚሮጥበትን ፍጥነት እዚህ አይጠብቅ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ማሟሟቂያው 8 እስከ 10 ደቂቃ ይሁን፦ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ጉልበት ማንሣት፣ ክንድ ማሽከርከር። ቆሞ ጡንቻ መወጠር መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛ ጡንቻ ስቦ መያዝ ከጉዳት አያድንም። ለጥንካሬው ቀን ዕቃ አያስፈልግም፦ ከወንበር እጅ ሳይደግፉ መነሣትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ወይም መሬት ላይ ፑሽ አፕ 8 እስከ 12፣ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣት መቆም 15። ይህን ሦስት ዙር።

መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚጀምሩ ሰዎች በነጋታው መራመድ ያቅታቸዋል። የሚያሳምመው መውጣቱ ሳይሆን በሩጫ መውረዱ ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ። የመጀመሪያውን ወር ወደ ላይ በሶምሶማ፣ ወደ ታች በእርምጃ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛው ጭስ፦ ብርዱ በረታ በሚልበት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር መሬት ይዞ ስለሚቀመጥ የመኪናው፣ የእንጨቱና የከሰሉ ጭስ አይበተንም። ከ12፡30 በኋላ ዋና አስፋልት ዳር መሮጥ ያንን መሳብ ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ወይም መናፈሻ ምረጡ፣ አስም ያለበት ደግሞ የሥራ መውጫን ይሞክር። ሁለተኛው ውሻ። ጨለማ ሳለ በመንጋ ይሆናሉ። ሲያዩአችሁ ሩጫውን አቁማችሁ በእርምጃ እለፉ፤ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ እንዲያባርሩ መጋበዝ ነው። ከነከሰ ወይም ጥፍሩ ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ነው። «ውሻው የሰፈር ነው» ተብሎ አይዘግይ።

ሲስተር_ከጤና_ጣቢያ
መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል እንዳለ አይቅዱት፤ አንዳንዱ ክኒን የራሱ ሰዓት አለው።

የእንቅርት ሆርሞን ክኒን (ሌቮታይሮክሲን) የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና 30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከሱ በ4 ሰዓት ይራቁ። የብረት ክኒን በሻይ የሚውጡ ሰዎች እናያለን፤ ግማሽ ክኒን እንደመጣል ነው፣ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይሁን። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ጠዋት የሚዋጠው ሌሊት እንዳያስነሣ ነው፤ ነገር ግን ፉሮሴማይድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር ልክ ከቤት ሲወጡ ውጦ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ጭንቅ ነው። በራስ ፈቃድ ከመተው ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል።

ግፊት ቤት ውስጥ የሚለኩ፦ ሽንት ቤት ሄደው፣ ከመድኃኒትም ከቁርስም ከቡናም በፊት፣ ጀርባ ተደግፎ እግር ሳይነባበር 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንድ በልብ ቁመት። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ። ከዱብ ዱብ መልስ የተለካ ቁጥር ለሐኪም አይጠቅምም።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ሳይለካ በባዶ ሆድ አይሩጥ። የደም ስኳሩ ከ90 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ። ከ70 በታች ከሆነ ሩጫው ለዛሬ ይቅር፣ 15 ግራም ስኳር (4 የሻይ ማንኪያ ግድም በውኃ በጥብጦ)፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ኪስ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ሁልጊዜ ይኑር።

አባቶችና እናቶች፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከአልጋ ብድግ አትበሉ። ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሳችሁ ተነሡ።

የአንድ ሊትር ውኃውን ነገር፦ ጤነኛ ሰው ቢጠጣው አይጎዳውም፣ የተለየ ፈውስም የለውም። አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። የልብ ድካምና የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የተፈቀደለት መጠን አለ፣ ያንን አይለፍ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ የሚወስዱ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (ዋርፋሪን) ካለ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ቶና_ሳይጠጣ
ሎሚ በሙቅ ውኃስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያወራው።

ሲስተር_ከጤና_ጣቢያ
ውኃ ነው፣ ሎሚ ያለበት። ስብ አያቀልጥም። በየቀኑ ሲጠጣ አሲዱ የጥርስን ሽፋን ይበላል፤ የወደደ ሰው አቅጥኖ ቶሎ ይጠጣ እንጂ እየተጎነጨ ግማሽ ሰዓት አይቆይ። ከጠጡ በኋላ ወዲያው መቦረሽ የለሰለሰውን ሽፋን ይፍቀዋል፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። እንዲያውም ከቁርስ በፊት መቦረሹ ይቀላል። ሁለት ደቂቃ፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና፤ ተፍተው አፍን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ። መፋቂያ የሚጠቀም ሰው እርጥቡን ይምረጥ፣ ጫፉን እስኪለሰልስ ያኝከው፤ ደረቁ ድድ ይቧጥጣል።

ተዋሕዶ_ልጅ
ጾም ሲመጣስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቁርስ የለ፣ ውኃ የለ፣ ቡና የለ። የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል።

ጓዳ_እና_ጤና
አይፈርስም፣ ይዛወራል። የሚቀረው ምግቡና ውኃው ነው፤ ብርሃኑና የመነሻ ሰዓቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ትልቁ ችግር የቡና ሐራራ ነው። ራስ ምታቱ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይጀምራል፣ አንደኛና ሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በ9 ቀን ይለቃል። ከዘወረደ በፊት ባሉት አሥር ቀናት የጠዋቱን መጠን በየሁለት ሦስት ቀኑ በሩብ ብትቀንሱ፣ ወይም የመጀመሪያውን ስኒ ቀስ በቀስ ወደምትፈቱበት ሰዓት ብትገፉት ራስ ምታቱ አይበረታም።

ሩጫው ጠዋት ይቁም፤ በእርምጃ ይሁን። ጠንከር ያለውን ከመፍቻው ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ማድረግ ይሻላል፣ ውኃና ምግብ ወዲያው ይከተላልና። ሲፈታ መጀመሪያ ውኃና ሾርባ ወይም በሶ፣ ሳምቡሳው ቆይቶ። ማዕዱ ሁሉ ከዕፅዋት ስለሆነ ከመፍቻው ጋር የሚጠጣው ቡና ከላይ ያልኩትን ብረት ይዞ ይሄዳል፣ ሰዓቱን አራርቁት። ማኅሌት የሚቆም ሰው የተኛውን ሰዓት በ24 ሰዓት ውስጥ ይቁጠር፤ ከቅዳሴ መልስ 90 ደቂቃ መተኛት የሌሊቱን ይክሳል ባይባልም ይረዳል። ስኳር ያለበትና ነፍሰ ጡር ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ለሱሑር ፉልና በሶ ከጣፋጭ ብስኩት የበለጠ ይይዛል፣ እንቅልፉም ለሁለት ተከፍሎ ድምሩ 7 እንዲደርስ።

ስቶክሆልም_ነዋሪ
ለውጭዎቹ ልጨምር። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር 2፡45 ገደማ ነው፤ ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ማለት ነው። የብርሃን ሳጥን ስትገዙ 10,000 ሉክስ የሚለውን ብቻ አትዩ፣ በስንት ሴንቲሜትር ርቀት እንደሆነ አንብቡ፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ በጣም ይወድቃል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቁርስ እየበሉ፣ ከዓይን ፊት ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ፣ ሳያፈጡበት። ማታ መጠቀም እንቅልፍ ያባርራል። የሬቲና ሕመም ወይም ባይፖላር ያለበት ሳይጠይቅ አይጀምር።

ባህረ ሰላጤው አገር ያሉት ተቃራኒው ችግር አለባቸው፤ በጋ ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንቅስቃሴ አደጋ ነው። ከንጋት በፊት ወይም ቤት ውስጥ።

ሌሊት_ተረኛ_ዲሲ
ሌሊት የሚሠራውን ማን ያስበው? መጋዘን፣ ፓርኪንግ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሾፌርነት ላይ ስንት ሐበሻ አለ። ለሱ «ጠዋት» ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው፦ ሲነሣ ብርሃን፣ ውኃ፣ እንቅስቃሴ፣ ምግብ። የሚለወጠው የእንቅልፍ መግቢያው ነው። ካፌይን በፈረቃው የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ። በታክሲ ወይም በባቡር የሚመለስ ሰው የፀሐይ መነጽር ያድርግ፣ የንጋቱ ብርሃን እንዳያነቃው፤ የሚያሽከረክር ሰው እንቅልፍ ከተጫነው ግን መነጽሩን ትቶ መኪናውን አቁሞ 20 ደቂቃ ይተኛ። ቤት ውስጥ ጥቁር መጋረጃ፣ የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ ስልኩ ድምፅ የለሽ። በዕረፍት ቀን ሙሉ ለሙሉ ወደ ሌሊት እንቅልፍ ከመመለስ ይልቅ ቢያንስ 4 ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ሁልጊዜ እንቅልፍ።

ሶምሶማ
አንድ የተረሳ ነገር፦ ከሰል። ጠዋት በብርድ በር ዘግቶ ቡና የሚያፈላ አለ። ጭሱ ስለጠፋና ከሰሉ ስለቀላ መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤት ያሉት ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው መጀመሪያ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ። በርና መስኮት ይከፈት ወይም ምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን።

ቶና_ሳይጠጣ
እሺ፣ በሶ ልጀምር ነው። ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚጓጉለው?

ጓዳ_እና_ጤና
ሙሉ ውኃ ላይ ዱቄት ስለምትበትን። 5 የሾርባ ማንኪያ በሶ (40 ግራም ግድም) ላይ መጀመሪያ 4 ማንኪያ ውኃ ብቻ አድርገህ እንደ ሊጥ አሸው፣ ከዚያ 250 ሚሊ ሊትር ቀስ እያልክ ጨምር። በጠርሙስ የምታደርገው ከሆነ ውኃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ከላይ፣ ከዚያ መነቅነቅ፤ ዱቄት ከቀደመ ታቹ ላይ ይጋገራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስለሚወፍር ውኃ ጨምርበት። ማታ ዱቄቱን ብቻ ለክተህ አስቀምጥ እንጂ በጥብጠህ አታሳድረው፣ ይኮመጥጣል። ጨው ቁንጥር ወይም ማር አንድ የሻይ ማንኪያ። ፕሮቲኑ 4 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ሁለት እንቁላል፣ በጾም ደግሞ የለውዝ ቅቤ አብሮት ይሁን።